ቨርጂኒያ ውስጥ ቤታችሁ ልጅ ለምትይዙ እህቶቼ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ እህቶቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን፣ በፌርፋክስ፣ ወጣ ብሎም እስከ ዉድብሪጅ ድረስ ቤታችሁ የሰው ልጅ ለምትይዙ ሁሉ ነው። ብዙዎቻችሁን በዓይን አውቃችኋለሁ። ለቅሶ ቤት፣ ክርስትና ላይ፣ የሐበሻ ሱቅ ገብተን እንጀራ ስንገዛ "እገሊት ልጅ ትይዛለች" ሲባል እሰማለሁ። ስልካችሁ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ወላጁ ሌሊት ሠርቶ የሚገባ ወይም ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ይዞ የሚወጣ ነው። ልጁን በአማርኛ የምታናግርለት፣ ፍርፍር የምታጎርስለት ሰው ሲያገኝ እፎይ ይላል።

እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የጎረቤቴን ልጅ ያዝኩ። ቀጥሎ የእሷን የሥራ ባልደረባ ልጅ። ከዚያ የመንታ እናት መጣች፤ መንታ ደግሞ አንዱን ተቀብለሽ አንዱን አትመልሺም። ዓመት ሳይሞላ ቤቴ ውስጥ ስድስት የሰው ልጆች ነበሩ። ቤት ውስጥ ልጅ ለመያዝ ስቴቱ የሚሰጠው ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት። ፈርቼም ነበር። መንግሥት አንዴ ቤቴ ከገባ ሥራዬን ይዘጋብኛል ብዬ አስብ ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጠችኝ አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ ናት።

የሥራ ቀን ነው። አንዲት ጓደኛዬ ዕረፍት ኖሯት ልትጠይቀኝ መጣች። ቡና አፈላሁ። ቆሎ አቀረብኩ፤ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይጫወታሉ። አንዷ የ11 ወር ሕፃን ነበረች፣ ገና ዳዴ የምትል። መቼ ረከቦቱ ጋ እንደደረሰች አላየሁም። ዞር ስል አፏ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። አታለቅስም፣ አትስልም። የከንፈሯ ቀለም ሲለወጥ አየሁ። አንስቼ አቀፍኳት። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ስሟን እየጠራሁ መጮህ ነው።

ጓደኛዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው። ከእጄ ነጠቀቻት። በደረቷ ክንዷ ላይ አስተኛቻት፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ። በመዳፏ ጀርባዋን፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል፣ መታ መታ አደረገቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ግማሽ ኦቾሎኒ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ልጅቷ አለቀሰች። እንደዚያ ለቅሶ ደስ ያሰኘኝ ድምፅ በሕይወቴ የለም።

ማታ እናቷ ስትመጣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። በማግስቱ ጠዋት ልጇን ይዛ መጣች። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። እርግጥ ጓደኛዬ ባትመጣ ቡናው አይፈላም፣ ቆሎውም አይቀርብም ነበር። ግን ሌላ ቀን ወይን ይሆን ነበር። ወይም ያልደቀቀ ሥጋ። ያኔ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ የማውቀው ደግሞ መጮህ ብቻ ነው።

እህቶቼ፣ ላይሰንሱን አውጡ። ለማለት የፈለግኩት ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ እንዴትና ለምን የሚለው ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ የራሳችሁን ልጆችና እዚያው ቤት የሚኖሩትን ሳይጨምር ከ5 እስከ 12 ልጅ የምትይዙ ከሆነ የስቴት ላይሰንስ ግዴታ ነው። ያለ ላይሰንስ መያዝ በወንጀል ያስጠይቃል። "እኔ አራት ብቻ ነው የምይዘው" የምትሉም ቆም በሉ። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሲሆኑ የራሳችሁም ልጅ ይቆጠራል፤ ከአራት ካለፉ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ አራትና ከዚያ በታች ለምትይዙትም የራሱ ፐርሚት አለው። የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገሩ ሕጉ ሌላ ነው። ሜሪላንድም ዲሲም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ዘመዳችሁ የነገረቻችሁን ይዛችሁ አሌክሳንድሪያ ላይ አትሥሩበት።

12 ልጅ ይፈቀዳል ሲባል ግን አንዷ ሴት ብቻዋን 12 ትይዛለች ማለት አይደለም። ነጥብ የሚባል ነገር አለ። እኔ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ፤ ሥራችንን የሚያውቅ ሰው ያወጣው ይመስለኛል። አንድ ሰው ብቻዋን ከ16 ነጥብ በላይ መያዝ አትችልም። ከተወለደ ጀምሮ እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4 ነጥብ ነው። ከ16 እስከ 23 ወር 3 ነጥብ። ከ2 እስከ 4 ዓመት 2 ነጥብ። ከ5 እስከ 9 ዓመት 1 ነጥብ። 10 ከሞላው አይቆጠርም። ቤታችሁ የሚኖር ከ8 ዓመት በታች የሆነ የራሳችሁ ልጅም ነጥብ ውስጥ ይገባል።

እስቲ አብረን እንደምር። ሁለት የ9 ወር ሕፃናት አሉ፣ 8። አንድ የዓመት ከመንፈቅ፣ 11። ሁለት የሦስት ዓመት፣ 15። ከትምህርት ቤት የሚመለሰው የራሳችሁ የስድስት ዓመት ልጅ፣ 16። በቃ፣ ሞላ። አሁን አንዲት እናት ደውላ "የአራት ዓመት ልጅ ናት፣ አታስቸግርሽም" ብትላችሁ 18 ይሆናል። ወይ ሁለተኛ ሰው ትቀጥራላችሁ፣ ወይ ይቅርታ ትላላችሁ። እኔ ይሉኝታ የሚያጠቃኝ ሰው ነኝ። "እምቢ" ማለት አልችልም ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱን አሳያለሁ። "እህቴ፣ ነጥቤ ሞልቷል" እላለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም።

ወደ መስፈርቱ ልምጣ። 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሳችሁበት ማስረጃ ወይም አቻው ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ወረቀታችሁ አገር ቤት ከቀረ ዘመድ ልካችሁ አሁኑኑ አስፈልጉት፤ ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ያልጨረሳችሁ ጂኢዲ የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተና መውሰድ ትችላላችሁ። ከልጆች ጋር በተደራጀ ሁኔታ የ3 ወር የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ዴይኬር ውስጥ ረዳት ሆናችሁ የሠራችሁ ማስረጃ አጽፉ። የመጀመሪያ እርዳታና የሲፒአር፣ ማለትም ልብና ትንፋሽ ሲቆም የሚደረገው እርዳታ፣ ሰርተፊኬት የግድ ነው። ያቺን ክንድ ላይ ማስተኛትና ጀርባ መምታት የሚያስተምሩት እዚያ ነው። ለሕፃን አምስት ጊዜ ጀርባ፣ ካልወጣ ገልብጦ አምስት ጊዜ ደረት። አሻንጉሊት ላይ ያለማምዷችኋል። ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስወጣ ቀጥ ብሏል።

የቲቢ ምርመራም አለ። እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር። ልጅ ሳለን ክንዳችን ላይ የተወጋነው የቲቢ መከላከያ፣ ቢሲጂ የሚባለው ክትባት፣ የቆዳውን ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያስመስለው ይችላል። በደም የሚደረገው ምርመራ ግን በቢሲጂ አይሳሳትም። ክንዴ አበጠ ብላችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ የቀራችሁ ካላችሁ ሐኪማችሁን በደም አድርጉልኝ በሉት።

ከዚያ አሻራ ነው። እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ቤታችሁ የሚኖር 18 የሞላው ሁሉ አሻራ ይሰጣል። 14 የሞላው ሁሉ ደግሞ ልጅ በመበደል ስሙ ተመዝግቦ እንደሆነ ይጣራል። ባል፣ ወንድም፣ ሳሎን የሚተኛ የአጎት ልጅ፣ ሁሉም። እኔ ላይሰንስ ሳወጣ እናቴ አብራኝ ትኖር ነበር። አሻራ መስጠት አለብሽ ስላት ፊቷ ተለወጠ። "ምን አጥፍቼ ነው ልጄ?" አለች። ወሰድኳት። ማሽኑ ጣቷን አላነብ አለ። ደጋግመው ሞከሩ፣ ጠረጉት፣ ቅባት ቀቡት። ዕድሜ ልኳን ሊጥ ያቦካች፣ ምጣድ ያሰሰች፣ ልብስ ያጠበች ጣት ናት፤ መስመሩ ጠፍቷል። በመጨረሻ ሲሳካ ሠራተኛዋ እጇን ያዝ አድርጋ አመሰገነቻት። መኪና ውስጥ እናቴ ዝም ብላ ቆየችና "ጥሩ ነው፤ ልጅ የሚያስቀምጥ ሰው ከማን ጋር እንዳስቀመጠ ይወቅ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ አሻራው የሚያጉረመርም ሰው ሲገጥመኝ የእሷን ቃል ነው የምነግረው።

አሁን ስለ እንቅልፍ። ከሁሉም በላይ የማምነው በዚህ ሕግ ነው፤ ከእኛ ልማድ ጋር በጣም የሚጋጨውም ይኸው ነው።

እኛ ሕፃን ስናስተኛ በጋቢ ጠቅልለን፣ ትራስ አስደግፈን፣ አንዳንዴም ሆዱን እንዳይነፋው በሆዱ አስተኝተን ነው። ሕጉ ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ ይላል። አልጋው ውስጥ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት የለም። የተወጠረ አንሶላ ብቻ። መጀመሪያ ሳየው ጨከንኩ እንዴ ብያለሁ፤ ባዶ አልጋ ላይ ሕፃን! ግን ምክንያቱን ስሙ። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ አስተኙ የሚለው ዘመቻ የተጀመረው በ1994 ነው። ከዚያ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። መድኃኒት አልተገኘ፣ ክትባት አልተሰጠ። ዋናው ለውጥ ሕፃኑን ገልበጥ አድርጎ በጀርባው ማስተኛት ነው። ጎኑ ወርዶ የሚከፈተው የድሮ አልጋም ከ2011 ጀምሮ መሸጥ ተከልክሏል። ዴይኬር ውስጥ ደግሞ ከ2012 መጨረሻ ወዲህ መጠቀም አይቻልም። "ደህና ነው፣ ሁለት ልጅ ያደገበት ነው" ብላ ጓደኛ ብትሰጣችሁ አትቀበሉ።

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ሲያመጡ ጥልፍ ያለበት የሚያምር ጋቢ ይዘው መጡ። "እማማ፣ አልጋ ውስጥ አላስገባውም" ስላቸው አዘኑብኝ። "በዚህ ብርድ?" አሉኝ። እንደ ከረጢት የሚለበሰውን የመኝታ ልብስ አሳየኋቸው። እጅ ውጭ ይሆናል፣ እግር ውስጥ ይገባል፣ ፊት ላይ የሚወጣ ነገር የለም። ዳሰሱት፣ ሙቀቱን አዩ። በሳምንቱ ለቤታቸውም ገዝተው መጡ። ጋቢውን ልጁ ሲነቃ ምንጣፉ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ እሱ ላይ ይንደባለልበታል። እኔ የተኛ ሕፃን ባለበት በየ15 ደቂቃው እየገባሁ አያለሁ። ትንፋሹን፣ ቀለሙን። ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ ነው። ወጥ እየሠራሁም ቢሆን እነሳለሁ።

ቡናን በተመለከተ የኔ ቤት ሕግ ግልጽ ነው። የመጨረሻው ልጅ ሳይሄድ ከሰል አይነድም፣ ጀበና አይጣድም። ዕጣንም እንደዚያው። ቆሎ ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት እንኳ አይቀመስም፤ አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመርት ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል። ጉሮሮው እንዲለሰልስ ብላችሁ የምትሰጡ ተዉት፣ እባካችሁ።

ኢንስፔክተር ይመጣል፤ ልክ ነው። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሳይነግሩም ይመጣሉ። መጀመሪያ የመጣችው ሴት ስታንኳኳ ጉልበቴ ከዳኝ። ጫማዋን አውልቃ ገባች። የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያውን ተጭና አስጮኸች። የእቃ ማጠቢያውን ስር ከፈተች። መድኃኒት የት እንደማስቀምጥ ጠየቀች። የልጆቹን የክትባት ወረቀት አንድ በአንድ አየች። የእሳት አደጋ ልምምድ የምመዘግብበትን ወረቀት ስትጠይቀኝ አንድ ወር ሳልጽፍ ቀርቼ ነበር። ጻፈችብኝ። ያ ሪፖርት ማንም ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የሚያየው ነው። አፈርኩ። አስተካክዬ በሚቀጥለው ጊዜ አሳየኋት፤ አለቀ። ቤቴን የዘጋ ሰው የለም።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ እናውራ። በካሽ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ሠርቻለሁ። ግን ገቢያችሁ ካልተመዘገበ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥት ጡረታ፣ የለም። ለጡረታ ከተመዘገበ ሥራ የሚሰበሰብ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው። ስለዚህ 10 ዓመት ልጅ ይዛችሁ፣ ወገባችሁ ጎብጦ፣ ባዶ እጃችሁን ልትቀሩ ነው። ታክስ ስትከፍሉ ደግሞ ከገቢው ላይ የሚቀነስ አለ፦ ለልጆቹ ያበሰላችሁት ምግብ፣ የገዛችሁት መጫወቻ፣ ቤታችሁ ለሥራው በዋለበት ሰዓትና ስፋት ልክ የቤት ኪራይና መብራት። ወላጁም ይጠቀማል። ፎርም 2441 የሚባለውን የታክስ ቅጽ ሞልቶ ለልጅ ጥበቃ ያወጣውን ታክስ ላይ ሲጠይቅ የእናንተ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የታክስ ቁጥር ያስፈልገዋል። ካልሰጣችሁት እሱም ይጎዳል።

ላይሰንስ ሲኖራችሁ ፌዴራል መንግሥት የሚከፍልበት የምግብ ፕሮግራም ውስጥ መግባት ትችላላችሁ። ለአንድ ልጅ በቀን እስከ ሁለት ምግብና አንድ መክሰስ ይከፈላል። ምናችሁን እንደሚቆጥሩላችሁ ብትሰሙ ደስ ይላችኋል። ምስር በእነሱ ስሌት በሥጋ ቦታ ይገባል። ስለዚህ የኔ ልጆች ማክሰኞ ማክሰኞ አልጫ ምስር ይበላሉ፤ ጎመን አለው፣ ወተት አለው፣ ብርቱካን አለው። አገራቸውን አይተው የማያውቁ ልጆች ጣታቸውን እየላሱ "አጉርሺኝ" ይሉኛል።

ወላጆችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ላይሰንሷን ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። የአገር ልጅ ናት፣ ጸሎተኛ ናት፣ ጥሩ ሰው ናት፤ አምናለሁ። እኔም ያን ቀን ጥሩ ሰው ነበርኩ። ስንት ልጅ እንዳላት፣ ሕፃኑ የት እንደሚተኛ፣ ሲፒአር መቼ እንደወሰደች ጠይቁ። የምታስተኛበትን ክፍል ግቡና እዩ። ዋጋው በሳምንት ትንሽ ከፍ ቢል ለምን እንደሆነ ዕወቁት።

በ2021 ላይሰንስ የመስጠቱ ሥራ ከስቴቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ትምህርት መሥሪያ ቤቱ ተዛውሯል። ስለዚህ ለማመልከት የምትሄዱት ወደ ቨርጂኒያ የትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። ለመሥሪያ ቤቱም አንዲት ቃል አለኝ። በየዓመቱ የምንወስደውን 16 ሰዓት ስልጠና በአማርኛም በብዛት ስጡን። ደንቡን እንድንፈጽመው ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም እንድንረዳው ነው የምንፈልገው። ሕፃን በጀርባው ይተኛ የሚለውን ለምን እንደሆነ የገባት ሴት ኢንስፔክተር ባይመጣም ታደርገዋለች።

እህቶቼ፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ አልዋሻችሁም። እኔ ወራት ፈጅቶብኛል። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ትልልቅ ልጆቻችሁን አስቀምጡና አብራችሁ ሙሉት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትጀምሩት ደግሞ ይቀላል፤ ሲፒአሩን በአንድ ቀን አብራችሁ ውሰዱ።

ወረቀቱ እስኪደርስ ግን የማይጠብቅ ነገር አለ። ነገ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ልጅ ሳይመጣ፣ የእቃ ማጠቢያውን ስር ክፈቱ። በረኪናው እዚያ ካለ አውጡና ላይኛው መደርደሪያ ላይ ቆልፉበት። ከዚያ ወደ ሕፃኑ አልጋ ሂዱ። ትራሱን አንሱ።

አክባሪ እህታችሁ፣
ከሰሜን ቨርጂኒያ